ስኳር ሕመም በልጅነት፡- መርፌው፣ ጾሙና ተወኩሉ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ጤና ነክ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ለንባብ እንዲመች የተስተካከለ)

የዛሬው ዝግጅታችን ብዙዎቻችን የትላልቅ ሰዎች ብቻ አድርገን የምናየውን፣ ነገር ግን ሕፃናትንና ወጣቶችንም የሚይዘውን የስኳር ሕመም ይመለከታል።

እስቲ አንድ የ13 ዓመት ልጅ እናስብ። ትናንት ኳስ ሲያባርር የነበረ ልጅ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ውሃ አልጠግብ ብሏል። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ይነሳል፤ አንዳንዴም አልጋው ላይ ያመልጠዋል። እየበላ ይከሳል። እናት “ልጄን ዓይን በላብኝ” ትላለች። አባት ወባ ወይም ታይፎይድ ይሆናል ብሎ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ይገዛል። ጎረቤት ደግሞ ቁርኣን እንዲቀራበት ይመክራል። በዚህ መሀል ልጁ ማስመለስ ይጀምረዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይጠልቃል፤ አፉም የበሰበሰ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ያመጣል። ራሱን ሊስት ሲል ሆስፒታል ይደርሳል። ደሙ ተመርምሮ ሕመሙ ሲታወቅ ሐኪሙ “ልጃችሁ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ኢንሱሊን መውሰድ አለበት” ይላል። አባት “እስከ መቼ?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ “ዕድሜ ልኩን” የሚል ነው።

ያን ዕለት ማታ በዚያ ቤት ሦስት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ምን በድለን ነው? መርፌውስ ሐላል ነው ወይ? ረመዷን ሲመጣስ ምን ይሆናል? ኢንሻአላህ እነዚህን ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፍራፍሬ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል። ይህ ስኳር ጉልበት የሚሆነው ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት ሲገባ ነው። በሩን የሚከፍትለት ቁልፍ ደግሞ ቆሽት የሚባለው የሰውነት ክፍል የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። በልጅነትና በወጣትነት በብዛት የሚታየው አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሚመጣው፣ ሰውነትን ከበሽታ እንዲከላከል የተፈጠረው ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋቸው ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ በሽንት ይወጣል፤ ውሃውንም ይዞት ይሄዳል። ጥማቱ ከዚህ የመጣ ነው። ሰውነት ጉልበት ሲያጣ የራሱን ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። ትውከቱና የትንፋሹ መፍጠን የዚህ ምልክት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ግልጽ ነው። ይህ ሕመም ልጁ ስኳር ስላበዛ የመጣ አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የሠራችው ጥፋትም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለሙእሚን ሕመም የአላህ ቀደር ነው፤ የቅጣት ማስረጃ ተደርጎ በልጅ ጫንቃ ላይ የሚጫን ሸክም ግን አይደለም።

መርፌው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከወራት ወይም ከአንድና ሁለት ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። ሐኪሞች የነበራቸው ዘዴ ምግቡን እጅግ ቀንሰው ቀኑን ማራዘም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ከእንስሳት ቆሽት ኢንሱሊንን ለማውጣት ቻሉ። በጥር ወር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ በሚገባ አልሠራም፤ ከቀናት በኋላ የተሻለ ተጣርቶ ሲሰጠው ግን ሊሞት የተቃረበው ልጅ አገገመ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

በየቤቱ የሚነሳው ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። “ኢንሱሊን ከአሳማ ነው የሚሠራው ይባላል” የሚሉ ወገኖች አሉ። ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ኢንሱሊን ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ከሰው ኢንሱሊን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ በባክቴሪያ አማካይነት በፋብሪካ የሚመረት ኢንሱሊን ተፈቅዶ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሰጠው በአብዛኛው በዚህ መንገድ በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የሚመረተው ነው። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ፋርማሲስቱን ይጠይቅ፤ በጥርጣሬ ግን የልጁን መርፌ አያቋርጥ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች ሲታመሙ ሕክምና እንዲፈልጉ አስተምረዋል። ልጁ ላይ ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ የሚቀራው ግን መርፌው ሳይቀር ነው። ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ተወኩል ይባላል። ሰበቡን ጥሎ መቀመጥ ግን ተወኩል አይባልም።

የየዕለቱ ኑሮ

ኢንሱሊን ሙቀትም በረዶም የሚያበላሸው መድኃኒት ነው። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ ግን አይገባም። አንዴ የተከፈተው በአብዛኛው ለ4 ሳምንት ያህል ያገለግላል። ፍሪጅ የሌለበት ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ተስፋ አይቁረጥ። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውንም ጠዋትና ማታ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ውሃው በሸክላው በኩል ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። ማሰሮው ጥላና ነፋስ ባለበት ይቀመጥ፤ ጠርሙሱም ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል።

የመርፌው ቦታ በየጊዜው ይቀያየር፤ ሆድ፣ ጭንና የክንድ ላይኛው ክፍል ይፈራረቁ። አንድ ቦታ ብቻ ከተወጋ ያብጣል፤ መድኃኒቱም በትክክል አይሰርግም። ሲሪንጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከጠርሙሱ ቁጥር ጋር መመሳሰል አለበት። 100 የተጻፈበትን ኢንሱሊን 40 በተጻፈበት ሲሪንጅ መለካት ልጁን ከታዘዘለት ሁለት ተኩል እጥፍ መውጋት ማለት ነው።

ስኳር ከመጠን በላይ መውረድም አደጋ ነው። ልጁ ተወግቶ ምግብ ከዘገየበት ወይም ብዙ ከሮጠ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በጣም ይርበዋል፣ ይነጫነጫል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። ደሙ ሲለካ ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌለም ምልክቱ ብቻ ከታየ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለውም መድገም ነው። ከዚያ በኋላ ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ልጅ ግን ሊታነቅ ስለሚችል በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት መምህሩና የመድረሳው ኡስታዝ ይህን ማወቅ አለባቸው። በኪሱ ስኳር ወይም ከረሜላ የያዘ ልጅ በትምህርት መሀል ቢበላ ባለጌ ተብሎ አይገሠጽ፤ ለሽንት ልውጣ ሲልም አይከልከል።

ሌላው ከባድ ስህተት ልጁ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስመልሰው “ዛሬ ምንም አልበላም፣ መርፌም አያስፈልገውም” ማለት ነው። ሰውነት ሲታመም ስኳሩ ብዙ ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክላል፤ ኢንሱሊን ጨርሶ ማቋረጥ ግን ልጁን ወደዚያ የመጀመሪያው ቀን አደጋ ይመልሰዋል።

ረመዷን ሲመጣ

ውድ ወላጆች፣ ሦስተኛው ጥያቄ ለልጁ ከሁሉም የከበደ ነው። እኩዮቹ ሱሑር ይነሳሉ፤ አብረው ያፈጥራሉ። እርሱ ብቻ በቀን መብላቱ ያሳፍረዋል። መርፌውን ደብቆ ወይም ትቶ የሚጾም ልጅ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ይህን የሚያደርገው አላህን ወዶ ነው። ስለዚህ ስናርመውም በቁጣ ሳይሆን አላህ የሰጠውን ፈቃድ በማስታወስ ይሁን።

በሱረቱል በቀራ ጾም ግዴታ በተደረገበት ቦታ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ለታመመና ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከመነሻውም ግዴታ የለበትም። ሕመሙ የማይለቀውና ቀዳእ ማውጣት የማይችል ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ እንደሚያበላ አብዛኞቹ ዑለሞች ያስተምራሉ። ፈቃዱም ራሱ ከአላህ የመጣ ሕግ ነው። በእርሱ የተጠቀመ ሰው ከዲኑ አልጎደለም።

አንዳንድ ወጣቶች ሐኪማቸው መርምሮ ከፈቀደላቸው ሊጾሙ ይችላሉ። አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን ጾም በአብዛኛው ከፍተኛ አደጋ ያለው ነው። ስለዚህ ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪምን ማማከር ይገባል፤ የመርፌው መጠንና ሰዓት የሚለወጠውም በሐኪሙ ብቻ ነው። ደምን በመለካት ጾም አይፈርስም። የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ “ጾሜ እንዳይፈርስ” ብሎ መለካትንም ሆነ መርፌን መተው ምክንያት የለውም። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ፣ ከ300 በላይ ከወጣ ወይም ሕመም ከተሰማው፣ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ወዲያውኑ ያፍጥር።

ልጁ ሲያድግ

ትንሽ ልጅ የሚወጋበትን ቦታ በመምረጥ ይጀምር፤ ቀስ በቀስ ራሱን መለካትና መውጋት ይማራል። ይህ ማለት ግን “አድገሃል፣ እንግዲህ ራስህን ቻል” ብሎ ጥሎ መሄድ አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ ሰውነት የሚፈልገው ኢንሱሊን ይጨምራል፤ መሰላቸትና መደበቅም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። እናት ወይም አባት “ዛሬ ስንት ሆነ?” ብለው ሲጠይቁ ድምፃቸው የፖሊስ አይሁን። ቁጥሩ በወጣ ቁጥር የሚቆጣ ወላጅ ልጁን ውሸት ያስተምረዋል።

ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ስኳሩ በአማካይ እንዴት እንደነበር የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ፤ በየጊዜው ይደረግለት። ዓይኑ፣ ኩላሊቱና እግሩም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይታዩለት። በባዶ እግር መሄድ ይቅርበት። በዚህ ሁኔታ የተያዘ ልጅ ይማራል፣ ይሠራል፣ ይዳራል። “ስኳር ያለባት ልጅ ማን ያገባታል?” የሚለው አባባል ብዙ ቤተሰብ ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል። ስኳሯን አስተካክላ፣ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ሐኪም የምትከታተል ሴት ጤናማ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ለሚያጫት ሰው እውነቱን ነግራ መዳር ደብቆ ከመዳር ይሻላታል፤ ከተጋባች በኋላ መርፌዋን በሽሽግ የምትወጋ ሙሽራ አንድ ቀን መርፌውን ትዘላለችና።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። ውሃ አልጠግብ ያለ፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስና የሚከሳ ልጅ ካያችሁ በዚያው ቀን ደሙን አስለኩ። ምርመራው አንዲት ጠብታ ደምና ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚጠይቅ ነው። ሕመሙ ከታወቀ በኋላም መርፌውን የልጁ ሪዝቅ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ አላህ ለሌሎቻችን በቆሽት በኩል የሰጠንን ለእርሱ በጠርሙስ ሰጥቶታል።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙ ልጆቻችንን ያሽርልን፤ ለወላጆቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው። አሚን።