ጠይቆ ማወቅ እና አብሮ ውሎ ማወቅ፦ ሐረር ስለ ምርምር ምን ታስተምረናለች?

ወረቀት የያዘ ሰው ቤታችሁ መጥቶ «ቤተሰባችሁ ስንት ነው? በወር ስንት ታገኛላችሁ?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል? መልሱን ሞልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ይሄ መጠናዊ ምርምር ይባላል። «ስንት?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ነው። «ለምን?» እና «እንዴት?» ሲባል ግን ቅጹ አይበቃም። ያኔ ዓይነታዊ ምርምር ያስፈልጋል።

ዋና ዋና መንገዶቹ ሦስት ናቸው፦

👉 ቃለ መጠይቅ፦ አንድን ሰው ረጋ ብሎ ማናገር
👉 የቡድን ውይይት፦ ጥቂት ሰዎችን በአንድ ጉዳይ ላይ ማወያየት
👉 ምልከታ፦ ሰዎች ባሉበት ተገኝቶ የዕለት ኑሯቸውን ማየት

ዛሬ የምናወራው ስለ ሦስተኛው ነው። ሰው የሚናገረውና የሚያደርገው ሁሌ አንድ አይደለም። የግድ ስለሚዋሽ አይደለም፤ የለመደውን ነገር ልብ ስለማይለው ነው።

ሐረርን እንይ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ከተማዋ ገብቶ የቆየው 10 ቀን ብቻ ነው። መጽሐፍ ጻፈ፤ ሕዝቡን ግን በንቀት ነው የገለጸው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሲድኒ ዋልድሮን መጣ። እሱ ሐረር ውስጥ ኖሮ ነው ያጠናው። ሐረሪዎችን ያስተሳሰሩት ዝምድና፣ ጓደኝነት እና አፎቻ መሆናቸውን አሳየ። አፎቻ ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። እንዲህ ያለ ትስስር በ10 ቀን አይታይም፤ ሠርጉም ሐዘኑም እስኪደርስ መቆየት ይጠይቃል።

በቅርቡ ደግሞ ማርከስ ቤይንስ-ሮክ የሐረርን ጅቦችና ሰዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ አሳትሟል። ቱሪስት ጅብ ሲመገብ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እሱ ግን ጅቦቹን በሌሊት በጠባቦቹ መንገዶች ተከትሏል። ነዋሪው ጅብ ጂን ያባርራል ብሎ እንደሚያምንም ጽፏል። ትርኢቱ «ምን» የሚለውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ «ለምን» የሚገኘው አብሮ በመቆየት ነው።

እኛስ እንዴት እናድርገው? እንበል፣ ከሶፊ ወረዳ ምርት ይዘው ሐረር ገበያ የሚመጡ ሴቶችን ልታጠኑ አሰባችሁ። «ስንት ታተርፊያለሽ?» ብላችሁ ብትጀምሩ «ምን ትርፍ አለው!» ልትባሉ ትችላላችሁ። ግብር ሊጥል የመጣ ሰው ትመስላላችኋ!

1. አስፈቅዱ። ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ ንገሯቸው። አልፈልግም ያለችን ተዉ።

2. በቋንቋቸው አውሩ። ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

3. ደጋግማችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ቀን ሰው ለእንግዳ ይጠነቀቃል፤ ሲለምዳችሁ ነው እንደ ወትሮው የሚሆነው።

4. ያያችሁትን እና የገመታችሁትን ለየብቻ ጻፉ። «ሳትሸጥ ተነሳች» ያያችሁት ነው፤ «ተናደደች» ግን ግምት ነው።

5. መልሳችሁ ጠይቁ። ምናልባት የተነሳችው መኪና እንዳያመልጣት ይሆናል።

ልብ በሉ፦ ሳያስፈቅዱ ሰው በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ምርምር አይደለም። ተመራማሪ ስም ይደብቃል፤ ሚስጥር ይጠብቃል። ገመናዋ የወጣባት ሴት ነገም እዚያው ገበያ ነው የምትውለው።

ምልከታም ገደብ አለው። አንድ ገበያ አይተን «የኢትዮጵያ ሴት ነጋዴ እንዲህ ናት» ማለት አንችልም። ለዚያ ቁጥሩም ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

በርተን ስለ ሐረር የጻፈው ዛሬም ይነበባል። ስለ ሰፈራችሁ ነገ የሚነበበውን ማን ይጻፈው? 10 ቀን ያየው ወይስ አብሮ የኖረው?

እናንተ ሰፈራችሁ ውስጥ ምን ማጥናት ትፈልጋላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።