ስለ መቃ ብዕርና ስለ ቀለሙ፤ በሽንፋና በመተማ ወሰን

በአማርኛ «ቀለም» ሲባል ብዕር የሚነከርበት ጥቁሩ ወይም ቀዩ ፈሳሽ ነው። ከመተማ ወሰኑን ተሻግሮ ገላባት የደረሰ ሰው ግን ይህንኑ ቃል በዐረብኛ ሲሰማው ትርጉሙ ተለውጦ ያገኘዋል፤ በዚያ «ቀለም» የብዕሩ ስም ነው፤ ፈሳሹ ሌላ ስም አለው። የቃሉ ሥር የግሪኩ «ካላሞስ» ሲሆን፣ ካላሞስም መቃ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ለመሣሪያው ከግእዙ «ብርዕ» የመጣውን «ብዕር» ይዘናል፤ ብርዕም ራሱ መቃ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች ብዕሩን የሚጠሩት በተክሉ ስም ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘንድ ከባዕድ የመጣው ስም ወደ ፈሳሹ፣ ከዚያም ዐልፎ ወደ ትምህርቱ ተሻግሯል። «ቀለም ቈጠረ»፣ «ቀለም ገባው» የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው በእጅ የሚሠራውን፣ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጠውን የመቃ ብዕርና ቀለሙን ነው። የደጋው የብራና ጽሕፈትና የወሰን ማዶው የቁርኣን ትምህርት ቤት ጽሕፈት ብዙ ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ሆነው ይታያሉ፤ ልዩነታቸውም በሃይማኖት ብቻ ይተረጐማል። መሣሪያዎቹን ጐን ለጐን አስቀምጦ ለተመለከተ ግን፣ ልዩነቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያመጣው የሚጻፍበት ነገር ነው፤ ይኸውም በአንዱ ዘንድ ብራና፣ በሌላው ዘንድ የእንጨት ሰሌዳ ነው።

ሽንፋ ስሙን የሚጋራው ከወንዙ ጋር ነው። ወንዙ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍተኛ ምድር ተነሥቶ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ በመጨረሻም ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ ፍሰቱ እየተቋረጠ ኵሬ ኵሬ ሆኖ ይቀራል። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በእነዚህ ኵሬዎች ዳር ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ሰዎች የተዉአቸውን ትናንሽ የድንጋይ ስለቶች ገልጸዋል፤ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። በእጅ ጣት የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ መሥራት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

የወሰኑ ታሪክ በሕዝብ ዘንድ የሚታወሰው በጦርነት ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ጠፉ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ወደቁ። ነገር ግን ከዚያ በፊትም በኋላም በዚሁ በር ጥጥ፣ ሙጫና ዕጣን፣ ነጋዴና መንገደኛ ሲያልፍ ኖሯል፤ ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው የምዕራብ አፍሪካ ምድር የመጡ ተክሩሮችም በ19ኛው መቶ ዓመት በገላባት አካባቢ ሰፍረው ነበር። ለብዕር ታሪክ የሚጠቅመን ይህኛው ወገን ነው።

ወደ ብዕሩ እንመለስ። ጸሓፊው ቀጥ ያለና ግድግዳው ጠንካራ የሆነ መቃ ወይም ሸምበቆ መርጦ ይቈርጣል፤ እርጥቡ ስለሚጨማደድ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ከዚያ ጫፉን በቢላዋ በአግድመት ይጠርበዋል፤ ሆዱን ያሳሳዋል፤ አፉን ቀጥ አድርጎ ይቈርጠውና በመካከሉ ይሰነጥቀዋል። ብዕሩን ብዕር የሚያደርገው ይህ ስንጥቅ ነው፤ ቀለሙ በጠባቡ ቀዳዳ ተስቦ ወደ አፉ የሚወርደው በእርሱ ነው። አፉ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ወደ ታች ሲሳብ የፊደሉ ቋሚ ይወፍራል፤ ወደ ጐን ሲሄድ ይቀጥናል፤ የግእዝ ፊደል በብራና ላይ የምናውቀው ግርማ የተገኘው ከዚሁ ነው። ለጥቁርና ለቀይ ቀለም ብዕሩ ለየብቻ ነው። ቀዩ የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ለመጻፍ ስለሚውል፣ በጥቁር የተነከረ ብዕር አይነካውም። ቀለሙ በከብት ቀንድ ይቀመጣል፤ ቀንዱም ጫፉ ከመሬት ተተክሎ በጸሓፊው ፊት ይቆማል።

የጥቁሩ ቀለም ሥራ ከብዕሩ ይልቅ አድካሚ ነው። መሠረቱ ጥቀርሻ ነው፤ ከመብራት ወይም ከምጣድና ከድስት ሥር ተፍቆ ይሰበሰባል። በዚህ ላይ እንደ ጸሓፊው ልማድ ተቈልቶ የከሰለ እህልና ቅጠላ ቅጠል ይጨመራል፤ ሁሉም ተፈጭቶ በውሃ ይለወሳል፤ ለወራትም እንዲብላላ ይተዋል። ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው። ደገኛው ጸሓፊ ሙጫውን በደጁ ካለው ግራር ማግኘት ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዓለም ገበያ የሚታወቀው ጥሩው ሙጫ ከመተማ እስከ ሱዳን በተዘረጋው ደረቅ ቆላ የሚፈሰው፣ ሱዳኖች ሐሻብ ከሚሉት ግራር የሚገኘው ነው። ጥቀርሻው ከሰል ስለ ሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ከብራናው ውስጥ ግን አይሰርግም፤ ከላዩ ተኝቶ በሙጫው ይያዛል። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ይረግፋል፤ ከበዛ ደግሞ ብራናው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ይህን መጠን የሚያውቅ እጅ እንጂ ሚዛን አይደለም።

አሁን ወሰኑን እንሻገር። በሱዳን ኸልዋ የሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጅ የሚጽፈው ከመቃ ወይም ከማሽላ አገዳ በተጠረበ ብዕር ነው፤ ቀለሙም ጥቀርሻና የግራር ሙጫ ነው። ነገሩ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚጻፍበት ግን ለውሕ የሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ልጁ የተጻፈውን በቃሉ ከያዘ በኋላ ሰሌዳው ይታጠባል፤ ሌላም ይጻፍበታል። እንግዲህ የሙጫ ቀለም በውሃ መፈታቱ ለደገኛው የብራና ጸሓፊ የሥራው ጠላት ሲሆን፣ ለኸልዋው መምህር ዋናው ጥቅም ነው። አንዱ ቀለሙን የሚያበስለውና የሚያብላላው እንዲጸና ብሎ ነው፤ ሌላው ነገ እንዲታጠብ ስለሚፈልግ ጥቂት ማዋሐድ ይበቃዋል። ከሰሌዳው የወረደው እጣቢ ሚሃያ ተብሎ ለበሽተኛ ይጠጣል፤ ስለዚህም የኸልዋው ቀለም ሊዋጥ የሚችል መሆን አለበት። ሃይማኖት በዚህ ድርሻ የለውም አንልም፤ ነገር ግን ድርሻው የሚመጣው በሰሌዳው በኩል ነው።

ብዕርና ቀለም ይዞ መጓዝ እንዴት እንደሚቻል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ቀለሙን በራሱ ሆድ የሚይዝ ብዕር በአውሮፓ ከመታወቁ በፊት፣ የፋጢማዎቹ ኸሊፋ አል-ሙዒዝ (እ.ኤ.አ. 953–975) እጅና ልብስ የማያበላሽ፣ ቢገለበጥ የማይፈስ ብዕር እንዲሠራለት ማዘዙን ቃዲ አል-ኑዕማን ጽፏል። በኋላም ሩማንያዊው ፔትራኬ ፖዬናሩ እ.ኤ.አ. በ1827 በፓሪስ፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን በ1884 የፈጠራ መብት አግኝተዋል። በ1960ዎቹ ጃፓኖች ክዳኑ ከኋላ ሲሰካ ሙሉ ርዝመት የሚያገኝ አጭር የኪስ ብዕር አበዙ፤ ዛሬም በየአገሩ እንዲህ ያለውን ትንሽ ብዕር አንድ በአንድ በእጃቸው የሚያዞሩና የሚጠርቡ ሠራተኞች አሉ። የዐረብ ጸሓፊዎች በበኩላቸው በቀለም ዕቃው ውስጥ የሐር ወይም የሱፍ ውታፍ ጨምረው ቀለሙ እንዳይደፋ አድርገዋል። የሙጫ ቀለም ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ መንገድ አለው፤ ደርቆ ይጠጥራል፤ ውሃ ሲነካውም ተመልሶ ይፈታል። ጣት የሚያህል መቃና ጥቂት ደረቅ ቀለም የያዘ መንገደኛ፣ ወንዝ ዳር ሲደርስ የሚጐድለው የለም።

ይህ ጠባይ ደግሞ ለፋብሪካው ብዕር መርዝ ነው። ቀለም የሚሞላው ብዕር የሚሠራው ከምላሱ ሥር ባሉ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ነው፤ ጥቀርሻና ሙጫ በእነዚህ ውስጥ ሲደርቅ ይደፍናቸዋል። ስለዚህ የፋብሪካው ብዕር በውሃ የሚሟሟ ማቅለሚያ እንጂ ከሰል አይፈልግም። (በቅርብ ዘመን እጅግ የደቀቀ ከሰል ያለው ቀለም ተሠርቷል፤ እርሱም ቢሆን በውስጡ ደርቆ እንዳይቀር ብዕሩን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ያሻል።) ጸሓፊው መቃውን ትቶ የፋብሪካ ብዕር ሲያነሣ፣ የሚለውጠው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ነው፤ ማቅለሚያው ደግሞ በብርሃን ይደበዝዛል። በዚህ ምክንያት አዲስ የተጻፈ ብራና የጥንቱን ያህል መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው በጸሓፊው እጅ ውበት ሳይሆን በቀንዱ ውስጥ ባለው ነገር ነው። ብራና የሚገዙ ሰዎች ሐረጉንና ሥዕሉን ሲመረምሩ ይህን መጠየቅ ይረሳሉ።

መጻሕፍቱ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቈጥረዋል፤ ገጻቸውም ተለክቷል። መቃው ግን ሲያልቅ የሚጣል ስለ ሆነ ማንም አያኖረውም። ይሁን እንጂ ከብራናው ላይ አንድ ነገር መመለስ ይቻላል። የፊደሉ ቋሚ ስፋት የብዕሩ አፍ ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ቢለካ የጠፋው ብዕር ልክ ይገኛል። መቃ ደግሞ ሲጽፉበት ይደነዝዛል፤ ቋሚው ከገጽ ወደ ገጽ እየወፈረ፣ ጠርዙም እየሻከረ ይሄዳል፤ ከዚያም በአንድ መስመር መካከል በድንገት ቀጥኖና ጠርቶ ይታያል። በዚያ ቃል ላይ ጸሓፊው ቆሞ ቢላዋውን አንሥቷል።