አውሮፕላን ማረፊያን ምቹ ወይም አሰልቺ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ መንገደኛ እዚያው ለመቆየት አስቦ አይሄድም። ሐሳቡ ያለው ከሚደርስበት አገር ወይም ከሚጠብቁት ወዳጅ ዘመዶቹ ዘንድ ነው። ሆኖም ከጉዞው ሰዓት ቀላል የማይባለው ክፍል በዚሁ ሕንፃ ውስጥ በሰልፍ፣ በፍተሻና የመሳፈሪያ በር በመፈለግ ያልፋል። አንዳንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ጊዜ ሳይታወቅ እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ መንገደኛውን ገና አውሮፕላኑ ላይ ሳይወጣ ያደክመዋል። የልዩነቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ የሕንፃው ውበት፣ የሱቆቹ ብዛት ወይም የሠራተኞቹ ፈገግታ እንደሆነ ይታሰባል። እነዚህ ሁሉ ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ነገር ግን ጉዳዩን በሒሳብ፣ በፊዚክስና በሥነ ልቡና ዓይን ስንመረምረው ሊለኩና ሊስተካከሉ የሚችሉ ሌሎች ምክንያቶችን እናገኛለን። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

አማካይ ቁጥር የሚደብቀው ሞገድ

የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያን ለአብነት እንውሰድ። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) የተመረቀው የተርሚናል ማስፋፊያ የማረፊያውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች እንደሚያሳድገው በወቅቱ ተገልጾ ነበር። ይህን ቁጥር ለ365 ቀናት ብናካፍለው በቀን ወደ 60 ሺህ፣ በሰዓት ደግሞ ወደ 2 ሺህ 500 መንገደኛ ይደርሳል። ይሁን እንጂ መንገደኛ በአማካይ አይመጣም። ቦሌ የመተላለፊያ ማዕከል በመሆኑ፣ ሌሊቱን ከአውሮፓ፣ ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአሜሪካ ሲበሩ ያደሩ አውሮፕላኖች በጠዋት ተከታትለው ያርፋሉ። ከእነርሱ የወረዱት መንገደኞች ጥቂት ቆይተው ወደ ልዩ ልዩ የአፍሪካ ከተሞች በሚነሡ በረራዎች ይሳፈራሉ። ማታ ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው አቅጣጫ ይከናወናል። ስለዚህ ቀኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ጅረት ሳይሆን ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ ይታይበታል።

የሞገዱን ውጤት በቀላል ስሌት ማሳየት እንችላለን። በአንድ የፓስፖርት መቆጣጠሪያ አዳራሽ 20 መስኮቶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ መስኮት በደቂቃ አንድ ሰው ያስተናግዳል። እያንዳንዳቸው 300 ሰው የጫኑ ሦስት አውሮፕላኖች በ15 ደቂቃ ውስጥ ቢያርፉ፣ 900ውን ሰው ለመጨረስ 45 ደቂቃ ያስፈልጋል። በ15ኛው ደቂቃ የደረሰው የመጨረሻው መንገደኛ 30 ደቂቃ ያህል ይቆማል ማለት ነው። እነዚያው 900 ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ተበታትነው ቢመጡ ግን ይህን የሚያህል ሰልፍ ባልተፈጠረ ነበር። የሰውም የመስኮትም ብዛት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአመጣጡ ሁኔታ ብቻ ነው።

ታዲያ በረራዎቹን ለምን አይበትኗቸውም? ሞገዱ ራሱ ለመንገደኛው ጥቅም ስላለው ነው። አውሮፕላኖቹ ተሰባስበው ባያርፉና ተሰባስበው ባይነሡ ኖሮ፣ ከአንዱ ወርዶ በሌላው የሚሳፈር መንገደኛ የሚቀጥለውን በረራ ለብዙ ሰዓታት ለመጠበቅ ይገደድ ነበር። ስለሆነም የማዕከል አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሞገዱን ማስቀረት ሳይሆን መስኮቶችን፣ ፈታሾችንና አስተናጋጆችን ከሞገዱ ጋር ማራመድ ነው።

የመጨረሻዋ አሥር በመቶ

የወረፋ ሳይንስ የተወለደው ከአውሮፕላን ጋር ሳይሆን ከስልክ ጋር ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፣ ስንት መስመር ቢዘረጋ ደዋዮች ሳይጉላሉ ሊገናኙ እንደሚችሉ ለማስላት ተነሣ። በዚህ ረገድ የመጀመሪያ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። የእርሱ ሐሳብ ዛሬ ከባንክ እስከ ሆስፒታል፣ ከኮምፒውተር መረብ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ያገለግላል።

የዚህ ሳይንስ ዋነኛ ትምህርት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። አንድ መስኮት ብቻ ያለው፣ አንድን ሰው በአማካይ በ1 ደቂቃ የሚያስተናግድ፣ ደንበኞቹም በዘፈቀደ የሚመጡበት አገልግሎት እናስብ። ሠራተኛው ከጊዜው 50 በመቶውን ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ፣ ደንበኛው በሰልፍ ላይ በአማካይ 1 ደቂቃ ይጠብቃል። ጫናው 80 በመቶ ሲደርስ ጥበቃው 4 ደቂቃ ይሆናል፤ በ90 በመቶ 9 ደቂቃ፣ በ95 በመቶ ደግሞ 19 ደቂቃ ይደርሳል። ከ50 ወደ 80 በመቶ የተደረገው ትልቅ ጭማሪ 3 ደቂቃ ብቻ ሲያስከትል፣ ከ90 ወደ 95 የተደረገው ትንሽ ጭማሪ 10 ደቂቃ ያስከትላል።

ለዚህ ምክንያቱ ያለፈ ጊዜ የማይመለስ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ሰው አጥቶ የተቀመጠባትን ደቂቃ ሰው ሲበዛበት መልሶ ሊጠቀምባት አይችልም። ጫናው ወደ 100 በመቶ በተጠጋ መጠን የተከማቸውን ሰልፍ የሚያቃልል ትርፍ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ «ሠራተኞቻችን አንዲት ደቂቃ እንኳ ሥራ አይፈቱም» የሚል ተቋም፣ ሳያውቀው ስለ ደንበኞቹ መጉላላት እየተናገረ ነው። በጭንቅ ሰዓት አንድ ተጨማሪ መስኮት መክፈት ከሚገመተው በላይ ውጤት የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ሰልፍ ወይስ ብዙ?

ሁለት መስኮቶች ቢኖሩ፣ በእያንዳንዱ ፊት አንድ አንድ ሰልፍ ይሠራ ወይስ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ቆሞ ተራው የደረሰ ወደተለቀቀው መስኮት ይሂድ? ከላይ በጠቀስነው የ90 በመቶ ጫና፣ ሁለቱ ሰልፎች ፈጽሞ ካልተገናኙ አማካዩ ጥበቃ 9 ደቂቃ ነው። ሰልፎቹ ሲዋሐዱ ግን ወደ 4 ደቂቃ ከሩብ ይወርዳል። ለዚህ ተጨማሪ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ሰልፉን የሚመራ ገመድ ይበቃል። ወረቀቱ ያልተሟላ አንድ መንገደኛ ሲያጋጥም በተለያየ ሰልፍ መዘግየቱን የሚሸከሙት ከኋላው የቆሙት ብቻ ናቸው፤ በአንድ ሰልፍ ግን ሸክሙ ለሁሉም ይከፋፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ ነው።

የአንድ ሰልፍ ጥቅም በደቂቃ ብቻ አይለካም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ስለሚስተናገድ «የወዲያኛው ሰልፍ እየፈጠነ ነው» የሚለው ብስጭት ይጠፋል። ይህም ከሒሳቡ ወደ ሥነ ልቡናው ያሻግረናል።

በሰዓት የሚለካውና በልብ የሚለካው ጊዜ

በሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች ጥበቃን የሚለኩት በሰዓት ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። ሥራ ፈትቶ መጠበቅ በሥራ ተይዞ ከመጠበቅ ይረዝማል። መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃ መጨረሻው ከሚታወቀው፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ምክንያቱ ከተነገረው፣ አድልዎ ያለበትም ፍትሐዊ ከሆነው ይረዝማል። ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሁሉም ይብሳል። አውሮፕላን ማረፊያ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያሰባስብ የሚችል ሥፍራ ነው።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ ስለሚገኘው የሂውስተን አውሮፕላን ማረፊያ በተደጋጋሚ የሚነገር ታሪክ አለ። መንገደኞች ሻንጣቸውን ለመረከብ ብዙ እንደሚጠብቁ ያማርሩ ነበር። ኃላፊዎቹ ሠራተኛ ቢጨምሩም ምሬቱ አልቆመም። በመጨረሻ የመውረጃ በሮቹን ከሻንጣ መረከቢያው አራቋቸው። መንገደኞቹ ወደ ስድስት እጥፍ የሚረዝም መንገድ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ ሲደርሱም ሻንጣቸው ቀድሟቸው ይጠብቃቸዋል። ጠቅላላው ጊዜ ሳያጥር ምሬቱ ቀነሰ ይባላል።

ታሪኩ ብልሃትን ያስተምራል፤ ማስጠንቀቂያም አለው። ምሬትን መቀነስና ችግርን መቀነስ አንድ አይደሉም። ጉልበቷን ለምታመም አረጋዊት ወይም ሕፃን ለታቀፈች እናት ያ ረጅም መንገድ እፎይታ ሊሆን አይችልም። ከዚህ የሚሻለውና ሁሉንም የሚጠቅመው መፍትሔ እውነቱን መናገር ነው፤ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ለምን እንደሚቆይና ቀጥሎ ወዴት እንደሚኬድ መግለጽ።

ዓይንና ጆሮ

መረጃው ግን መነገሩ ብቻ ሳይሆን መታየቱና መሰማቱ ወሳኝ ነው። በአምስተርዳም የሚገኘው የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1967 በቤኖ ቪሲንግ ንድፍ የተሠሩ ቢጫ የአቅጣጫ ምልክቶችን ተጠቀመ። ስዊዘርላንዳዊው አድሪያን ፍሩቲገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ለተከፈተው የፓሪሱ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሩቅና ከጎን በቀላሉ የሚለይ የላቲን ፊደል ቅርጽ አዘጋጀ።

የእኛ ፊደል የራሱ ጥያቄ አለው። በ፣ ቡ እና ቢ የሚለያዩት በጎን በምትቀጠል ትንሽ ጭረት ነው። ጤናማ ዓይን በግምት የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል የሚያህል ዝርዝር መለየት ይችላል፤ ይህም በ20 ሜትር ርቀት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጭረቷ የፊደሉን ቁመት አንድ አሥረኛ ያህል ብትሆን፣ ፊደሉ ከ20 ሜትር እንዲነበብ ቢያንስ 6 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልገዋል። ዓይኑ ለደከመ ሰው ደግሞ ከዚህም ሊጨምር ይገባል። በመሆኑም በምልክት ሰሌዳ ላይ አማርኛውን ከላቲኑ ሥር አሳንሶ መጻፍ፣ ጽሑፉ ለይስሙላ እንዲቀር ሊያደርገው ይችላል።

ድምፅም እንዲሁ በሕግ ይመራል። በሃርቫርድ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እንዳገኘው፣ የአንድ አዳራሽ የማስተጋባት ጊዜ ከይዘቱ ጋር ያድጋል፤ ድምፅ ከሚመጥጠው ገጽ ስፋት ጋር ግን ይቀንሳል። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 15 ሜትር የሆነ አዳራሽ 75,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። ግድግዳው መስታወት፣ ወለሉ እብነ በረድ ሆኖ ድምፅን የመምጠጥ አቅሙ ከ1,500 ካሬ ሜትር ፍጹም መጣጭ ገጽ ጋር ቢስተካከል፣ የድምፁ ኃይል ወደ አንድ ሚሊዮንኛ እስኪወርድ 8 ሰከንድ ይፈጃል። በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ሳይሞት ሌሎች ብዙ ቃላት ይደርሱበታል፤ ማስታወቂያውም እንደ ገደል ማሚቶ ይደበላለቃል። በጣሪያው መጣጭ ቁስ ተደርጎ አቅሙ ወደ 6,000 ካሬ ሜትር ቢያድግ ግን ጊዜው ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል። የድምፅ ማጉያውን ኃይል መጨመር ማስተጋባቱንም አብሮ ስለሚያጎላ መድኃኒት አይሆንም።

መለኪያው ማን ይሁን?

እስካሁን ያየናቸው ነጥቦች ወደ አንድ ድምዳሜ ያመራሉ። መንገደኛን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው እርግጠኛ አለመሆን ነው። ዘወትር የሚጓዝ ነጋዴ አካሄዱን በልምድ ስለሚያውቅ ደካማ ምልክትና የማይሰማ ማስታወቂያ ብዙ አይጎዱትም። ልጇን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን የምትሄድ እናት ወይም ለሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤሩት የምትጓዝ ወጣት ግን ሌላ ናቸው። በሩ ቢለወጥና ማስታወቂያው ባይገባቸው፣ የሚያጡት በረራውን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለትኬቱ የተበደሩት ገንዘብም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የአውሮፕላን ማረፊያ ጥራት በመጀመሪያ ተጓዡ ዓይን ቢለካ ተገቢ ነው እንላለን። እርሱን በሰላም የሚያሳልፍ ሕንፃ ልምድ ያለውንም ያለችግር ያሳልፋል።

በመጨረሻም መንገደኛው ራሱ ሊጠቀምበት የሚችል አንድ ሕግ እንጥቀስ። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ማስረጃውን ያሳተመለት ሕግ፣ በሰልፍ ያሉት ሰዎች ብዛት ከሚስተናገዱበት ፍጥነትና ከሚቆዩበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል መሆኑን ይገልጻል። ከፊታችን 120 ሰዎች ቢኖሩና በደቂቃ 4 ሰው ሲያልፍ ብናይ፣ 120ን ለ4 አካፍለን 30 ደቂቃ እንደሚቀረን እናውቃለን። ስሌቱ ሰልፉን አያሳጥረውም፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ለበረራው እንደርሳለን ወይስ አስተናጋጅ ጠርተን እርዳታ እንጠይቅ የሚለውን በጊዜ ለመወሰን ያስችለናል። ይህን ቁጥር ለመንገደኛው አስልቶ በሰሌዳ ላይ ማሳየት ደግሞ አዲስ ተርሚናል ከመገንባት እጅግ የረከሰ ሥራ ነው።