የተወርዋሪ እንቅስቃሴ

የተወርዋሪ እንቅስቃሴ ማለት ከተወረወረ በኋላ የመሬት ስበት ብቻ የሚጎትተው አካል የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው፤ የአየር ሰበቃ ከቁጥር አይገባም። ስበት ወደ ታች ብቻ ስለሚጎትት የአግድም ፍጥነቱ አይለወጥም። ስለዚህ ስሌቱ ቁልቁልና አግድም ተብሎ ለየብቻ ይሠራል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጊዜ ነው።

ለምሳሌ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ካለ ኮንዶሚኒየም፣ 5 ሜትር ከፍታ ካለው በረንዳ ኳስ በሰከንድ 4 ሜትር ፍጥነት በአግድም ቢወረወር፦

ቁልቁል፦ 5 = ½ × 10 × ጊዜ²፤ ጊዜ = 1 ሰከንድ
አግድም፦ 4 × 1 = 4 ሜትር

የተለመደው ስህተት 4ን ከቁልቁሉ ስሌት ማስገባት ነው፤ የቁልቁል መነሻ ፍጥነቱ ግን ዜሮ ነው። ስለሆነም በዚያው ቅጽበት ከበረንዳው ሳይወረወር የተለቀቀ ሌላ ኳስ እኩል መሬት ይደርሳል። የስበት ፍጥንጥነት በአዲስ አበባ 9.8 ገደማ ሲሆን፣ 10 የተወሰደው ስሌቱን ለማቅለል ነው።