የጠፈር መንኲራኲር መንገድና የአንድ ሊቅ አሳብ



የሊቃውንት ጉባዔ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ረዥም ንግግርና ጭብጨባ ነው። ነገር ግን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 1970 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በተደረገ ጉባዔ ላይ፥ የኢጣሊያው ሊቅ ፕሮፌሰር ጁዜፔ ኮሎምቦ ያቀረቡት አሳብ የአንዲት መንኲራኲር ጉዞ ለውጧል።

ዕቅዱ ማሪነር 10 የተባለችው መንኲራኲር የቬነስ ስበት ወደ ፀሐይ አቅርቧት፥ የእኛ ሊቃውንት አጣርድ የሚሏትን ሜርኩሪን አንድ ጊዜ አይታ እንድታልፍ ነበር። ኮሎምቦ ግን መንኲራኲሯ ከዚያ በኋላ ፀሐይን የምትዞርበት ጊዜ ወደ 176 ቀን የሚጠጋ መሆኑን አስተዋሉ። ሜርኩሪ በ88 ቀን ትዞራለች፤ እንግዲህ እርሷ ሁለት ጊዜ ስትዞር መንኲራኲሯ አንድ ጊዜ ትዞራለችና፥ መንገዷ በጥቂቱ ቢስተካከል በዚያው ሥፍራ ዳግመኛ ይገናኛሉ ማለት ነው። ያውም ሌላ መንኲራኲር ሳይላክ!

ማሪነር 10 በኖቬምበር 1973 ተወንጭፋ እስከ ማርች 1975 ድረስ ሜርኩሪን ሦስት ጊዜ ጐበኘች። በሦስተኛው ጊዜ በ327 ኪሎ ሜትር ርቀት ስታልፍ፥ ፕላኔቷ የራሷ የማግኔት ኃይል ያላት መሆኑ ተረጋገጠ። አንድ ጊዜ ብቻ አልፋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ክርክር ሆኖ በቀረ ነበር።

ይኸው ቁጥር ግን ጉዳትም ነበረው። በሜርኩሪ ላይ ፀሐይ ከወጣችበት ዳግመኛ እስክትወጣበት ያለው ጊዜ እንዲሁ 176 ቀን ስለ ሆነ፥ መንኲራኲሯ በተመለሰች ቊጥር ብርሃን ያገኘችው በዚያው ገጽ ላይ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ገጽ፥ ሜሴንጀር የተባለችው መንኲራኲር በ2008 እስክትደርስ ድረስ፥ ከቅርብ ፎቶግራፍ ሳይነሣ ቆየ።