መንገዳችን የነገውን ጎርፍ ይመዝን

ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚያቆለቁለው መንገድ ላይ የምትገኘው ቡሬ፣ ከጎጃሟ ሞክሼዋ የተለየች የኢሉባቦር ከተማ ናት። ጎሬ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችበት የባሮ ዳር ግን 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ አለው። ከአገራችን ዝናባማ አካባቢዎች ግንባር ቀደም በሆነው በዚህ ተዳፋት ላይ መንገድና ውሃ ሲታገሉ መኖራቸው እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር የውሃው ጠባይ መለወጡ ነው።

ታሪክን መለስ ብለን እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ የኢሉባቦር ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ሸክም በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ይሁን እንጂ መርከቦቹ ሊደርሱ የሚችሉት ባሮ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ስለነበረ፣ ነጋዴው ጉዞውን ከወንዙ ሙላት ጋር ማስማማት ግድ ይሆንበት ነበር። ከዚህ የምንረዳው የአካባቢው የመጓጓዣ ዕቅድ ከጥንቱም በአየር ንብረት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ያ ዕቅድ የሠራው ክረምቱ ቀጠሮውን ያከብር ስለነበረ ነው።

ዛሬስ? የአየር ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር አየሩ ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ሳይንስ ያረጋግጣል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት ጉባኤ በ2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ ምድር በሞቀች መጠን ከባድ ዝናብ እየበረታና እየተደጋገመ እንደሚሄድ አስገንዝቧል።

የመንገድ መሐንዲስ የድልድይንና የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦን ስፋት የሚወስነው ባለፉት ዓመታት የዝናብ መዝገብ ተመርኩዞ ነው። በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል የሚባለው ጎርፍ በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 2 ነው፤ በ50 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ደግሞ ከመቶ 64 ገደማ ይሆናል። ይህ ስሌት የሚጸናው የነገው ዝናብ የትናንቱን እስከመሰለ ድረስ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲበረታ፣ ያው ቱቦ ሳይነካ በሥፍራው እያለ ጠባብ ይሆናል። መሠረታዊው ቅራኔ እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ቅራኔ ዕዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ ልብ ሊባል ይገባል። አንዲት ቱቦ በቅጠልና በደለል ስትደፈን ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ግርጌውን ይሸረሽራል፤ ቀዩ ሸክላማ አፈር ይንሸራተታል፤ መኪና ይቆማል። ያን ጊዜ ቡናውን ለገበያ ማድረስ የሚሳነው አምራቹ ገበሬ ነው። ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ መድረስ ያቅታታል። ጨው፣ ዘይትና ማዳበሪያ በከተማው ሱቅ ይወደዳሉ።

አንዳንድ ወገኖች፣ «አገራችን ድሃ ናት፤ በቅድሚያ ብዙ ኪሎ ሜትር እንሥራ፣ ጥንካሬው ቀስ ብሎ ይደርሳል» ሲሉ ይሰማሉ። አስተሳሰቡ በቅን ልቦና የተነሳ ሊሆን ይችላል። በእርግጥም በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ የማገናኘት ታላቅ ዓላማ ይዞ ተነስቷል። ነገር ግን መንገድ ሰንሰለት ነው፤ አንዲት ቀለበት ከተበጠሰች የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ ድልድይ መሰበር ምክንያት ሲዘጋ፣ የቆጠብነው ገንዘብ የት እንደደረሰ መጠየቅ ይኖርብናል።

የመንገዱ ጉዳይ ከደኑም ተነጥሎ አይታይም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የያዮ የቡና ደን፣ በኢሉባቦር ደንና ቡና ምን ያህል የተሳሰሩ መሆናቸውን ያሳያል። ይኸው ደን ዝናቡን አብርዶ ወደ መሬት የሚያሰርግ ነው። ደን የተራቆተበት ተዳፋት ውሃውን ባንድ ጊዜ ይለቀዋል። ከደጋው የሚወርደው ውሃ ደግሞ በገባና በቢርቢር ወንዞች በኩል ባሮን ይሞላል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ የጋምቤላን ከተማ ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ የላይኛውና የታችኛው አገር ዕጣ አንድ መሆኑ በገሃድ ታይቷል። ስለሆነም የመንገድ ዕቅድ በወረዳ ወሰን ታጥሮ ሊቀር አይገባውም፤ የተፋሰሱን ወሰን መከተል አለበት።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ብሔራዊ የማጣጣሚያ ዕቅድ ዘላቂ ትራንስፖርትን ከአማራጮቹ መካከል አስፍሯል። የሚቀረው ይህ ቃል በየተዳፋቱ ላይ በሥራ እንዲተረጎም ማድረግ ነው። አዲስ የሚሠሩ ቱቦዎችና ድልድዮች ለሚመጣው ዝናብ ይመጥኑ። የዝናብ መለኪያዎች ይብዙ፤ መዝገባቸውም በመሐንዲሱ እጅ ይግባ። የመንገዱ ዳር ተዳፋት ሥር በሚሰዱ ተክሎች ይሸፈን። ቦዮች ክረምት ሳይገባ ይጠረጉ፤ ለዚህም ቋሚ በጀት ይመደብ። ጎርፉ በየትኛው ሸለቆ እንደሚያይል ጠንቅቆ የሚያውቀው የአካባቢው ሽማግሌም ቅየሳው ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በግንቦት በአካፋ የሚጠረግ ቦይ፣ በነሐሴ የሚናድ ድልድይን ያድናል። ቀደምቶቻችን የባሮን ሙላት ጠብቀው ቡናቸውን አወረዱ። የእኛ ትውልድ ኃላፊነት ደግሞ የተለወጠውን ዝናብ ቀድሞ መጠበቅ ነው እንላለን።