እንደ ወንድ ያደገችው ኦስካር፦ ከአንድ የጃፓን ማንጋ ወላጆች ምን እናገኛለን?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ሁለት ሳምንት እኛ ቤት ከርማ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ደብተሯን የሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሥዕል ትስላለች። ረጅም ወርቃማ ፀጉር፣ ቀይ የወታደር ዩኒፎርም፣ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ሰይፍ።

«ይሄ ቆንጆ መኮንን ደግሞ ማነው?» አልኳት።

ከደብተሯ ቀና ሳትል «ማን ናት በይ» አለችኝ።

ኦስካርን ያወቅኳት በዚህ ሁኔታ ነው። የእህቴ ልጅ በ2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ፊልም ኔትፍሊክስ ላይ አይታዋለች። እኔም የዚያኑ ዕለት ማታ አብሬያት አየሁት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የተሠራበትን ማንጋ ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመው ፈልጌ አነበብኩት። ማንጋ ጃፓኖች በሥዕልና በአጫጭር ንግግር ታሪክ የሚተርኩበት፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ተከታታይ መጽሐፍ ነው። በካርቱን ፊልም መልክ ሲሠራ ደግሞ አኒሜ ይባላል። ልጆቻችን ሁለቱንም ከእኛ በተሻለ ያውቋቸዋል።

መጀመሪያ ላይ «ወንድ መስላ የምትኖር ሴት» ታሪክ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ የጠለቀ ሆኖ አገኘሁት። እኔንም ስለ አባቴና ስለ ራሴ ብዙ እንዳስብ አድርጎኛል።

ስድስተኛዋ ሴት ልጅ

የማንጋው ስም «የቬርሳይ ጽጌረዳ» ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በፈረንሳይ፣ ከታላቁ አብዮት በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። በ1755 የተወለዱ ሦስት ሰዎችን ሕይወት ይከተላል። ሁለቱ በእውነት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ በኋላ የፈረንሳይ ንግሥት የሆነችው ማሪ አንቷኔትና ስዊድናዊው መኮንን ፌርሰን። ሦስተኛዋ ኦስካር ግን የደራሲዋ ፈጠራ ናት።

የኦስካር አባት ጄኔራል ዣርዤ ናቸው። ቤተሰቡ ለትውልድ የንጉሡን ጦር ሲመራ የኖረ ነው። ጄኔራሉ አምስት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ወራሽ የሚሆን ወንድ ግን የላቸውም። ስድስተኛዋም ሴት ሆና በገና ዕለት ስትወለድ «ይህችን እንደ ወንድ አሳድጋታለሁ» ብለው የወንድ ስም አወጡላት። ሰይፍ፣ ፈረስና ተኩስ ተማረች። ገና በልጅነቷ የክብር ዘብ መኮንን ሆና ከኦስትሪያ የመጣችውን የአልጋ ወራሹን ሙሽራ ማሪ አንቷኔትን እንድትጠብቅ ተመደበች።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኦስካር ማንንም አላታለለችም። ንግሥቲቱ፣ ወታደሮቹ፣ የቤተ መንግሥቱ ወይዛዝርት ሁሉ ሴት መሆኗን ያውቃሉ። እንደ ወንድ ትለብሳለች፣ እንደ ወንድ ታዝዛለች፣ እሷም ሴት መሆኗን አትክድም። ታዲያ ኦስካር ማን ናት? የማንጋው አንባቢዎች ይህን ጥያቄ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲከራከሩበት ኖረዋል።

እኛም ቤት ክርክሩ አልቀረም። በአማርኛ ስለ ሰው ስናወራ «እሱ» ወይም «እሷ» ማለት ግድ ነው፤ ግሱ ራሱ ያስገድደናል። ባለቤቴ ፊልሙን ከመሐል ገብቶ ሲያይ «መጣ፣ ተኮሰ» እያለ ያወራ ነበር። የእህቴ ልጅ «መጣች፣ ተኮሰች» እያለች ታርመዋለች። በመጨረሻ ደክሞት «እሺ፣ መጡ፣ ተኮሱ፤ አንቱ ብያቸዋለሁ!» አለና አሳቀን። ኋላ ሳስበው ግን ከሁላችንም ለኦስካር የቀረበው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንቱ የሚባል ሰው በቅድሚያ የሚታየው በክብሩ ነው።

የሃያ አራት ዓመቷ ደራሲ

የቬርሳይ ጽጌረዳን የጻፈችውና የሳለችው ሪዮኮ ኢኬዳ ትባላለች። በ1947 የተወለደች ጃፓናዊት ናት። ሥራው ማርጋሬት በተባለ የልጃገረዶች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ መውጣት የጀመረው በ1972 ሲሆን፣ ያኔ ዕድሜዋ ገና ሃያ አራት ነበር። በ1973 ተጠናቀቀ። መነሻ የሆናት ኦስትሪያዊው ደራሲ ሽቴፋን ዝቫይግ ስለ ማሪ አንቷኔት የጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጆች ልጃገረዶች የታሪክ ነገር አያነቡም ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋታቸው ትክክል አልነበረም። የኦስካር ሞት የታተመ ጊዜ አንባቢዎች የቅርብ ሰው የሞተባቸው ያህል አዘኑ። በ1974 ታካራዙካ የተባለው፣ ተዋንያኑ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት የቴአትር ቡድን ወደ መድረክ አመጣው፤ እስከ ዘመናችንም ደጋግሞ አሳይቶታል። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ አርባ ክፍል ያለው አኒሜ ሆነ።

ኦስካር የመጀመሪያዋ አይደለችም። በ1953 ታዋቂው ኦሳሙ ቴዙካ ሳፋየር የምትባል ልዕልት ፈጥሮ ነበር። ቴዙካ ያደገው ያ የሴቶች ቴአትር ባለበት በታካራዙካ ከተማ ነው። ሳፋየር ከመወለዷ በፊት በአንድ ተንኮለኛ መልአክ ምክንያት የሴትም የወንድም ልብ ይደርሳታል። አገሯ ዙፋኑን ለወንድ ብቻ ስለሚሰጥ ሴትነቷን ደብቃ እንደ ልዑል ትኖራለች። ሳፋየር ትደበቃለች፤ ኦስካር ግን በግልጽ ትቆማለች። በሁለቱ መካከል ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ልዩነት አለ።

ያንን ጊዜ ማስታወስም ይጠቅማል። በ1970ዎቹ በጃፓን መሥሪያ ቤቶች አንዲት ሴት ሻይ እያቀረበችና ወረቀት እያባዛች ቆይታ፣ ስታገባ ሥራ መልቀቋ እንደ ደንብ ይታይ ነበር። የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ የወጣው በ1985 ነው። ማርጋሬትን ገዝተው ኦስካር ወንዶችን ስታዝ ያነበቡት ልጃገረዶች እንዲህ ወዳለ መሥሪያ ቤት ሊገቡ የተዘጋጁ ነበሩ።

አንድ ቀን የተለበሰ ቀሚስ

ኦስካርን ተወዳጅ ያደረጋት ዩኒፎርሟ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይህን ያህል ዕድሜ አይኖረውም ነበር። ከልጅነት እስከ ሞት ስታድግ እናያታለን።

በመጀመሪያ የአባቷን ፈቃድ የምትፈጽም ጎበዝ ልጅ ናት። ጥያቄ አትጠይቅም። ከዚያ ፌርሰንን ትወዳለች። እሱ ግን ልቡን ለንግሥቲቱ ሰጥቷል፤ ኦስካር ለእሱ ጥሩ ጓደኛ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ቀሚስ ለብሳ ወደ ጭፈራ ትሄድና ከእሱ ጋር ትደንሳለች። ማንነቷን ሳትነግረው ትመለሳለች። በማግስቱ ዩኒፎርሟን ትለብሳለች። ይህን ክፍል ሳነብ ደራሲዋ «ይኸው፣ እውነተኛ ማንነቷ ይህ ነበር» ልትለን መስሎኝ ነበር። አላለችም። ቀሚሱም እውነት ነው፤ ዩኒፎርሙም እውነት ነው።

ቀጥሎ ኦስካር ራሷ ጠይቃ ከክብር ዘቡ ለቅቃ ወደ ፈረንሳይ ዘብ ጦር ትዛወራለች። እዚያ ያሉት ወታደሮች ከድሃ ቤት የመጡ ናቸው። «ሴት አታዘንም» ብለው ሰልፍ እምቢ ይላሉ። ኦስካር በአባቷ ስም ልትመካ አልቻለችም። ቀስ በቀስ ችግራቸውን አየች፤ ቤተሰቡን ለመመገብ መሣሪያውን የሚሸጥ ወታደር መኖሩን ሰማች። እነሱ ሲያከብሯት እሷም ስለ አገሯ የምታስበው ተለወጠ።

በ1789 የሕዝብ ተወካዮችን በጦር ኃይል ከስብሰባ አዳራሻቸው እንድታስወጣ ስትታዘዝ እምቢ አለች። አባቷ ይህን እንደ ክህደት ቆጥረው ሊገድሏት ተነሱ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገው፣ ለዓመታት በዝምታ ያፈቀራት የሞግዚቷ የልጅ ልጅ አንድሬ ከመሐል ገባ። ሐምሌ ወር ሲደርስ ኦስካር ማዕረጓን ጥላ ከሕዝቡ ጋር ቆመች። አንድሬ ሞተ። በማግስቱ፣ ጁላይ 14፣ የባስቲል እስር ቤት በተያዘበት ቀን እሷም ሞተች።

«ይህን ሕይወት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ»

ለእኔ የታሪኩ ልብ ግን ጦርነቱ ላይ አይደለም። ከዚያ ቀደም ያለ አንድ ቦታ ላይ ነው።

አገሪቱ መናወጥ ስትጀምር ጄኔራሉ ይጸጸታሉ። ልጃቸው እንድትሞት አይፈልጉም። በድንገት «አሁን አግቢ፤ እንደ ሴት ኑሪ» ይሏታል። ባል የሚመረጥበት ትልቅ ግብዣም ይዘጋጃል። ኦስካር ግን ወደ ግብዣው የመጣችው በወታደር ልብሷ ነው።

እዚህ ላይ አባቷን ትወቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ምክንያት ነበራታ! ሲፈልጉ ወንድ፣ ሲፈሩ ሴት አድርገዋት። እሷ ግን ታመሰግናቸዋለች። በዘመኗ ለሴት ያልተፈቀደ ሰፊ ዓለም ስላሳዩዋት ታመሰግናለች። ከዚያም በዚያው ዓለም እንደምትቀር ትነግራቸዋለች። እስከዚያ ቀን ዩኒፎርሙ የአባቷ ምርጫ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የራሷ ሆነ። ልብሱ አልተለወጠም፤ የመረጠው ሰው ተለወጠ።

እኔም ከሦስት ሴቶች የመጨረሻዋ ነኝ። አባቴ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ደንበኞች «ወንድ የለህም እንዴ?» ሲሉት እኔን እያሳየ «ምን ጎደለኝ? ወንዴ ይቺ ናት» ይል ነበር። እኔም በኩራት ደረቴ ይነፋ ነበር። ብር መቁጠር፣ ዋጋ መከራከር፣ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያዩ ማናገር የተማርኩት እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ግን ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ፈልጌ ነበር። አባቴ «ቢዝነስ» አለ። ቢዝነስ ተማርኩ። ከዚያ ጉልበቱ አስቸገረውና ሱቁን ሸጠ፤ ዲግሪው እኔ ጋ ቀረ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ ድርጅት ስብሰባ ላይ፣ ሰነዶቼን አስተካክዬ ልጀምር ስል፣ አንዱ «ኃላፊሽ እስኪመጣ እንጠብቅ» አለኝ። «ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ እንጀምር» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያንን ድምፅ የሰጠኝ የመርካቶው ሱቅ ነው። ያላጠናሁትን ሥነ ጽሑፍ የወሰደብኝም ያው ሱቅ ነው።

ማንጋውን በጨረስኩ ሰሞን ለአባቴ ደወልኩ። «አባዬ፣ ወንድ ልጅ ቢኖርህ ኖሮ እኔን ሱቅ ትወስደኝ ነበር?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ይሄን ደግሞ ምን አመጣው?» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔ እንጃ፣ ልጄ» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ ደስ አለኝ።

ሴት ልጅን «ከወንድ ትበልጣለች» ብለን ስናሞግስ ወንድነትን መለኪያ እያደረግን እንደሆነ ልብ አንለውም። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ «እንደ ሴት» ብለን ስናሳፍረውም እንዲሁ። በሁለቱም ልጁን ወይም ልጅቷን ሳይሆን የራሳችንን ዕቅድ ነው የምናየው። ጄኔራሉ ልጃቸውን አይጠሉም ነበር። እጅግ ይወዷታል። ችግሩ የጀመረው ከፍቅራቸውና ከዕቅዳቸው የትኛው እንደሚናገር መለየት ሲያቅታቸው ነው።

አብራችሁ ብታዩት

ልጃችሁ ይህን ታሪክ እያየ ወይም እያነበበች ከሆነ አትከልክሉ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ። ጊዜ ለሌለው ፊልሙ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የኦስካርን ዕድገት በደንብ የሚያሳየው ግን ማንጋው ነው። ፍቅርና ሞት ስላለበት፣ እንዲሁም አንድሬ ተስፋ ቆርጦ ኦስካርን በኃይል የሚይዝበት አስጨናቂ ትዕይንት ስላለበት፣ በእኔ አስተያየት ለአሥራዎቹ ዕድሜ እንጂ ለትንንሾች አይሆንም። ያንን ትዕይንት ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ መውደድ ለመንካት ፈቃድ እንደማይሆን ለሴትም ለወንድም ልጅ ለመንገር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ስትጨርሱ ኦስካር ምን መሆን እንደነበረባት ለመፍረድ አትቸኩሉ። «አንቺ ብትሆኚ አባትሽን ምን ትይው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ።

የእህቴ ልጅ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሥዕሉን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶ «ይሄ ማነው?» አለኝ።

«ማን ናት በል» አልኩት።